የጡብ ግንብ መገጣጠሚያን ለማጠናቀቅ የሚያገለግሉ የእጅ መሣሪያዎች አመራረጥ

በድርቅ ለተጎዳ ሕዝብ የሚላከው እህል ከወደብ ተነሥቶ በብዙ መቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ የሚያርፈው በማከፋፈያ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነው። እህሉ ከችግረኛው እጅ እስኪገባ ድረስ ከዝናብ፣ ከእርጥበትና ከነቀዝ የሚጠብቀው የዚሁ መጋዘን ጣራ፣ ወለልና ግድግዳ ነው። የሚያፈስ ጣራ ወዲያው ስለሚታይ ብዙ ይነገርለታል፤ ቶሎም ይጠገናል። ግድግዳ ግን ውሃ የሚያስገባው በዝግታና በስውር በመሆኑ ጉዳቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በአጠገቡ የተደረደረው ጆንያ ሻግቶ ሲገኝ ነው።

በጡብ በተሠራ ግድግዳ ላይ ውሃ በብዛት የሚገባው በጡቡ አካል ሳይሆን ጡብና ማልታ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባለው ስንጥቅ ነው። ይህን መስመር የሚዘጋው ደግሞ ግንበኛው በሥራው ማብቂያ ላይ በአንድ አነስተኛ የእጅ መሣሪያ የሚያደርገው ማጠናቀቂያ ነው። ይህ ሥራ በብዙዎች ዘንድ ግንቡን ለማስዋብ ብቻ እንደሚደረግ ተቆጥሮ በዕቃ ግዥ ዝርዝርም ሆነ በሥራ ውል ሳይጠቀስ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጋዘን፣ የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤት ግንባታ ለሚያዝዙ፣ ለሚቆጣጠሩና ለሚረከቡ የሥራ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች፣ ለየትኛው ግድግዳ የትኛው መሣሪያ እንደሚስማማና ምክንያቱ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

የሥራው ስፋት

የመገጣጠሚያ ነገር ጥቃቅን መስሎ የሚታየው በሜትር ስላልተለካ ነው። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጡብ በ1 ሴንቲ ሜትር ማልታ ሲገነባ በ1 ካሬ ሜትር የግድግዳ ፊት ላይ 55 ያህል ጡብ ይገባል። በዚህችው አንድ ካሬ ሜትር ላይ የአግድም መገጣጠሚያው ከ14 ሜትር በላይ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው መገጣጠሚያ ደግሞ ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ17 ሜትር ያላነሰ መስመር ይገኛል ማለት ነው። ከግድግዳው ፊት 18 ከመቶ ያህሉ ማልታ እንጂ ጡብ አይደለም።

ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 3 ሜትር የሆነ መጠነኛ መጋዘን ቢወሰድ የበርና የመስኮቱ ስፍራ ሳይቀነስ የውጭ ፊቱ 96 ካሬ ሜትር ነው። የመገጣጠሚያው ርዝመትም ከ1600 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ ተቆጣጣሪው አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ስፌት ያለበት ሥራ እንደሚረከብ ሊያውቅ ይገባዋል። ስፌቱ በአግባቡ ካልተዳመጠ ዝናብ በነፋስ እየተገፋ የሚገባበት ቀዳዳ አያጣም።

የዝናቡ ጠባይ ከቦታ ቦታ መለያየትም መዘንጋት የለበትም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ከፋ 600,000 ያህል ሕዝብ ሲሰፍር ሰፋሪው የተዛወረው ዝናብ ከጠፋበት አገር በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ወደሚዘንብበት አገር ነበር። በደረቅ አገር ለብዙ ዓመት ያገለገለ የግንባታ ልማድ ክረምቱ ረጅም በሆነበት ቆላ እንዳለ ቢወሰድ ሁልጊዜ አይበቃም። በአንጻሩ ደግሞ ድርቅ በሚያጠቃው አካባቢ ዝናብ ከመጣ ዘንድ በአጭር ጊዜ ውስጥ በኃይልና ከነፋስ ጋር ስለሚወርድ የጥቂት ሰዓት ዝናብ ለወራት ሲጠበቅ የቆየውን እህል ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የመገጣጠሚያው ጥንቃቄ ለዝናባማውም ሆነ ለደረቁ አገር ያስፈልጋል።

የመገጣጠሚያ ዓይነቶችና የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ምን ዓይነት መገጣጠሚያ እንደሚፈለግ መወሰን ይቀድማል። በጥቅሉ የሚሠራባቸው ዓይነቶች አምስት ናቸው።

1ኛ/ ጎድጓዳ መገጣጠሚያ። ማልታው በክብ ብረት ተዳምጦ ወደ ውስጥ በመጠኑ የሚጎደጉድበት ነው። ብረቱ ማልታውን ወደ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ጡብ ጠርዝም ስለሚገፋው ውሃ የሚገባበትን መስመር ይዘጋል። የማልታው ገጽም ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። ዝናብ ለሚመታው የውጭ ግድግዳ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር ግንበኞች ይህን ዓይነት «የባልዲ እጀታ» ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ቀድሞ በአሮጌ የቆርቆሮ ባልዲ እጀታ ይዳምጡት ስለነበር ነው። ከዚህም ጥሩ መሣሪያ የግድ ውድ መሣሪያ ማለት እንዳልሆነ መረዳት ይቻላል።

2ኛ/ ባለ ሦስት ማዕዘን መገጣጠሚያ። ጫፉ ሹል በሆነ ብረት ወይም በባለ ማዕዘን ብረት ጠርዝ የሚሠራ ነው። ማልታውን ወደ ሁለቱም ጠርዝ ስለሚገፋ ዝናብን በመቋቋም ከጎድጓዳው ጋር የሚመደብ ነው። ነገር ግን ብረቱ ከመስመሩ ትንሽ ሲያፈነግጥ ጉድለቱ ጎልቶ ስለሚታይ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል።

3ኛ/ ዝናብ ገፊ መገጣጠሚያ። በትንሽ ማንኪያ ተዳምጦ ከላይ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከታች ከጡቡ ፊት ጋር እኩል ተደርጎ የሚሠራ ተዳፋት ነው። ውሃው ተንሸራትቶ ወደ ውጭ ይወርዳል። በትክክል ሲሠራ ጥሩ ነው። ተገልብጦ ከተሠራ ግን፣ ማለትም ገባ ያለው ከታች ከሆነ፣ በታችኛው ጡብ ራስ ላይ ውሃ የሚያቁር መደርደሪያ ይፈጠራል። ልምድ የሌለው ሠራተኛ ከላይ ወደ ታች መዳመጥ ስለሚቀለው ይህ ስሕተት በብዙ ቦታ ይታያል።

4ኛ/ ልሙጥ መገጣጠሚያ። የተረፈው ማልታ በማንኪያ ተቆርጦ ከጡቡ ፊት ጋር እኩል የሚሆንበት ነው። ፈጣንና ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ማንኪያው ማልታውን ይቆርጠዋል እንጂ ስለማይዳምጠው፣ ለዝናብ በተጋለጠ ግድግዳ ላይ ሲሠራ በጠርዙ ላይ ስስ ስንጥቅ ይቀራል። ከተቆረጠ በኋላ በጠፍጣፋ ብረት ቢዳመጥ ይሻሻላል።

5ኛ/ የተፋቀ መገጣጠሚያ። ማልታው ሳይደርቅ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ተፍቆ የሚወጣበት ነው። ልስን የሚደረግለት ግድግዳ ከሆነ ልስኑ የሚይዝበትን ጥርስ ስለሚፈጥር ተገቢ ነው። ልስን በማይደረግለት የውጭ ግድግዳ ላይ ግን እያንዳንዱ ጡብ ራስ ላይ ውሃ የሚቆምበት ደረጃ ስለሚሆን መፈቀድ የለበትም። ጥላው የሚያምር በመሆኑ ለቢሮና ለመኖሪያ ሕንፃ የሚመርጡት አሉ፤ ለእህል መጋዘን ግን ተስማሚ አይደለም።

የውስጥና የውጭ ፊት ልዩነት

የእህል መጋዘን ከሌላ ሕንፃ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የውጭ ፊቱ ጠላት ዝናብ ሲሆን የውስጥ ፊቱ ጠላት ነቀዝ ነው። ነቀዝና ሌሎች የእህል ተባዮች መጋዘኑ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ በግድግዳ ስንጥቅና በጉድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ብናኝ እየኖሩ አዲስ እህል እስኪገባ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ለውጭ የሚመሰገነው ጎድጓዳ መገጣጠሚያ ለውስጥ አይመረጥም፤ የውስጡ ግድግዳ መጥረጊያ በአንድ ጊዜ የሚያጸዳው ልሙጥ ገጽ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ገንዘብ ካለ በልስን፣ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ልሙጥ ሆኖ በጠፍጣፋ ብረት በተዳመጠና በኖራ በተቀባ መገጣጠሚያ ይሠራል።

እርጥበት የገባበት ግድግዳ ጉዳት ጆንያ በማርጠብ ብቻ አያበቃም። የበቆሎ እርጥበት ከ14 ከመቶ በላይ ሲሆን ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታው ዓይነቶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ተቀባዩ ቤተሰብ ሌላ የሚበላው ስለሌለው የሻገተውን እህል አራግፎና አጥቦ መብላቱ አይቀርም። ጆንያን ከግድግዳ 1 ሜትር ያህል አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር የታወቀ ደንብ ነው፤ ቢሆንም ደንቡ በተጨናነቀ መጋዘን ሁልጊዜ ስለማይከበር ግድግዳው ራሱ ደረቅ ሆኖ መገኘት አለበት።

ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤትም ይኸው ሐሳብ ይሠራል። የውጭው ዝናብን የሚመልስ፣ የውስጡ ለመታጠብና ለመጠረግ የሚመች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ስለሆነም በአንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ማስፈለጉን የሥራ ዝርዝሩ ለይቶ ሊያመለክት ይገባል።

የመዳመጫ ብረት ልክ

ለጎድጓዳ መገጣጠሚያ የሚያገለግለው ክብ ብረት ከመገጣጠሚያው ስፋት በመጠኑ ሰፋ ማለት አለበት። ምክንያቱም ብረቱ በሁለቱ ጡቦች ጠርዝ ላይ ተደግፎ ሲሄድ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሆናል። ከመገጣጠሚያው የጠበበ ብረት ወደ ውስጥ ይሰጥማል፤ ማልታውን ማህል ለማህል ሰንጥቆ በጠርዙ በኩል ሳይዳመጥ ይተወዋል። እጅግ የሰፋ ብረት ደግሞ በጡቦቹ ላይ ብቻ ስለሚንሸራተት ማልታውን አይነካውም።

ለመገጣጠሚያው ስፋት የሚስማማውን ለመለየት የሚከተለው ስሌት ይረዳል።

ሀ/ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነ መገጣጠሚያ 12 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት ሲሆን የሚገኘው ጥልቀት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

ለ/ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነ መገጣጠሚያ 16 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት ሲሆን ጥልቀቱ ከላይ ከተገለጸው ጋር ተመሳሳይ ነው።

ሐ/ 15 ሚሊ ሜትር ለሆነ መገጣጠሚያ የግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ ይስማማል፤ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይሰጣል።

በአካባቢው በእንጨት እሳት የተተኮሰ ጡብ መጠኑ እኩል ስለማይሆን መገጣጠሚያው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ አንዱን መሣሪያ ለሁሉም ከማዋል ሁለት ልክ ማዘጋጀት ይሻላል። መሣሪያ ከመታዘዙ በፊት በግንቡ ላይ ከ20 ያላነሱ መገጣጠሚያዎችን በማስመሪያ ለክቶ መካከለኛውን ስፋት ማወቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ርዝመቱም የራሱ ምክንያት አለው። ለአግድም መስመር ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጫፉ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ቀና ያለና የእንጨት እጀታ የተገጠመለት ብረት ይመረጣል። ረጅሙ ብረት ከአንድ ጡብ በላይ ስለሚይዝ በማልታው ላይ ያለውን ሞገድ እያስተካከለ ይሄዳል። ጫፉ ቀና ካላለ ማልታውን እያረሰ ያወጣዋል። ለቁም መገጣጠሚያ ግን ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ አጭር መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው።

በአካባቢ ቀጥቃጭ ስለማሠራት

ከውጭ አገር የሚመጣው መሣሪያ ጥሩ ቢሆንም ወደ ሩቅ ጣቢያ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ በላይ የተጠቀሱትን ሁሉ ግን ማንኛውም ቀጥቃጭ ከቁርጥራጭ ብረት ሊሠራቸው ይችላል። ሲታዘዝ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠበቁ።

አንደኛ፣ ብረቱ ገጹ ልሙጥ መሆን አለበት። ለኮንክሪት የሚያገለግለው ባለ ጥርስ ፌሮ በማልታው ላይ ጭረት እየተወ ስለሚሄድ አይሆንም። ሌላ ከሌለ ጥርሱ በሞረድ ሙሉ በሙሉ ተስሎ መጥፋት አለበት። ሁለተኛ፣ ቱቦ ከሆነ የተቆረጠው ጫፍ ተደፍጥጦ ወይም ተሞርዶ ስለቱ ይጥፋ። ሦስተኛ፣ ብረቱ ከእጀታው ዝቅ እንዲል በሁለት ቦታ ይታጠፍ፤ ይህ ካልሆነ የሠራተኛው ጣት ከጡቡ ጋር እየተፋተገ ይቆስላል።

ለመፋቂያ የሚሆነው ከዚህ ይቀላል። በአንድ ጠንካራ ጣውላ ውስጥ ጭንቅላቱ በተፈለገው ጥልቀት ልክ ወጣ ያለ ሚስማር ተመትቶ ጣውላው በጡቡ ፊት ላይ ተደግፎ ሲሳብ ጥልቀቱ እኩል ይሆናል። ለጥገና የሚያገለግለው መጠቅጠቂያ ብረት ደግሞ ከመገጣጠሚያው የጠበበ፣ ማለትም ለ10 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ብዙ ሰው የሚያምታታው በዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ማልታን የሚዳምጠው ክብ ብረት ከመገጣጠሚያው ይሰፋል፣ ማልታን ወደ ውስጥ የሚጠቀጥቀው ጠፍጣፋ ብረት ግን ይጠባል።

የእንጨት ቁራጭ ወይም የጎማ ቱቦ ለመዳመጫነት ሲያገለግል ይታያል። እነዚህ ቅርጽ ይሰጣሉ እንጂ እንደ ብረት አጥብቀው አይዳምጡም። እንጨትም ውሃ እየጠጣ ማልታውን ይይዛል። ብረት ማግኘት ከተቻለ ብረቱ ይቅደም።

ትክክለኛው ሰዓት

ምንም ያህል ጥሩ መሣሪያ ቢገዛ በተሳሳተ ሰዓት ከሠራበት ጥቅም የለውም። ሰዓቱ የሚታወቀው በአውራ ጣት ነው። ማልታው በአውራ ጣት ሲጫን የጣቱ ምልክት ከቀረበት፣ ነገር ግን ማልታው በጣቱ ላይ ካልተጣበቀ ለመዳመጥ ደርሷል።

ከዚህ በፊት ከተዳመጠ ውሃና ስስ የሲሚንቶ ልጥ ወደ ገጹ ይወጣል፤ ሲደርቅም ከጡቡ ጠርዝ ይለቃል። መልኩም ነጣ ይላል። ከዚህ በኋላ ከተዳመጠ ብረቱ ማልታውን መጫን ተስኖት ገጹን ይፍቀዋል፤ ጥቁር የብረት ምልክትም ይተዋል። ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ ነጣ ያለና ጠቆር ያለ መገጣጠሚያ ተቀላቅሎ መታየቱ ሥራው በእኩል ሰዓት አለመሠራቱን ያመለክታል። ተቆጣጣሪው በሥራው ሰዓት ባይኖር እንኳ ይህን ምልክት በኋላ ሊያነበው ይችላል።

በቆላ አገር ፀሐይና ነፋስ ማልታውን ፈጥነው ስለሚያደርቁት ግንበኛው ግድግዳውን በሙሉ ሠርቶ ማምሻውን እዳምጣለሁ ቢል አይሆንለትም። ጥቂት ረድፍ በገነባ ቁጥር ወደኋላ ተመልሶ ሊዳምጥ ይገባዋል። ውሃ የሚጠጣ ጡብ ከመገንባቱ አስቀድሞ በውሃ መረስረስ አለበት፤ ይሁን እንጂ ውሃው ከላዩ ላይ ሳይንጠባጠብ ነው። የተጠናቀቀው ግድግዳ ቢያንስ ለ3 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይረጭበት። በማከፋፈያ ጣቢያ ባዶ ጆንያ አይጠፋምና ለዚህ ሥራ የሚውል መመደብ አስቸጋሪ አይሆንም።

የአሠራሩም ተራ አለው። መጀመሪያ ቁም መገጣጠሚያው፣ ቀጥሎ አግድሙ ይዳመጣል። በዚህ ተራ ሲሠራ ከቁሙ የተረፈውን ማልታ ረጅሙ ብረት እየጠረገው ይሄዳል፤ የአግድሙም መስመር ሳይቋረጥ ይዘልቃል። በጠርዙ ላይ የወጣው ትርፍ በማንኪያ ተቆርጦ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። የሽቦ ብሩሽ ገና ያልጠነከረውን ገጽ ስለሚፍቅ በዚህ ደረጃ መግባት የለበትም።

ማልታው ከመሣሪያው ጋር ስለሚኖረው ግንኙነት

ሲሚንቶ የበዛበት ማልታ ጠንካራ ነው ተብሎ ይመረጣል። ነገር ግን እጅግ ጠንካራ ማልታ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከጡቡ ጠርዝ ይለቃል። በአካባቢ የተተኮሰ ጡብ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ ማልታው ከጡቡ መጠንከር የለበትም። በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት በመገጣጠሚያው በኩል ተንኖ መውጣት ሲያቅተው በጡቡ በኩል ይወጣል፤ ጨውም አብሮ እየወጣ የጡቡን ፊት ያፈራርሰዋል።

ለውጭ ግድግዳ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ በውሃ የበረደ ኖራና 6 እጅ የተነፋ አሸዋ በሳጥን ተሰፍሮ ቢደባለቅ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ኖራው ማልታውን ልስልስ ስለሚያደርገውና ውሃውን ስለሚይዝለት ከመዳመጫው ብረት ሥር በቀላሉ ይታዘዛል። አሸዋው ጠጠር ከቀላቀለ ጠጠሩ ከብረቱ ሥር እየተንከባለለ ቦይ ያወጣል፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ሲታይ መሣሪያው ከመወቀሱ በፊት ወንፊቱ ይመርመር።

አሮጌ ግድግዳ ሲጠገን

ብዙ ጣቢያዎች የሚጠቀሙት ቀድሞ በተሠራ መጋዘን ስለሆነ ጥገና ከአዲስ ሥራ ይልቅ የሚያጋጥም ነው። ማልታው በሚስማር ሲጫር እንደ ዱቄት የሚራገፍ ከሆነ፣ ወይም ከጡቡ ጠርዝ ለቆ ስንጥቅ ከታየበት፣ እንደገና መሞላት ያስፈልገዋል።

አሮጌው ማልታ ከመገጣጠሚያው ስፋት ሁለት እጅ እስከ ሁለት ተኩል እጅ፣ ማለትም ለ10 ሚሊ ሜትር መገጣጠሚያ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ይውጣ። ላዩን ብቻ የተቀባ ማልታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል፤ የተከፈለበትም ገንዘብ አብሮ ይወድቃል። መቆፈሪያው መሮ ምላሱ ከመገጣጠሚያው የጠበበ መሆን አለበት። ሰፊ መሮ የጡቡን ጠርዝ ይሰብራል፤ የተሰበረ ጠርዝም መገጣጠሚያውን አስፍቶ አዲሱን ማልታ ለዝናብ ያጋልጠዋል። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ ሥራውን ቢያፋጥንም ባልሠለጠነ እጅ፣ በተለይም በአጭሩ ቁም መገጣጠሚያ ላይ፣ ጡቡን ስለሚጎዳ ለስላሳ ጡብ ባለበት ግድግዳ መሮና መዶሻ ይመረጣሉ። የሚቆፍረው ሠራተኛ የዓይን መከላከያ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ሊሰጠው ይገባል።

ጉድጓዱ በብሩሽ ከብናኝ ጸድቶ በውሃ ይረጥብ። አዲሱ ማልታ በእጅ በሚያዝ ገበታ ላይ ተደርጎ በመጠቅጠቂያው ብረት እየተገፋ በአንድ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይሞላል። አንዱ ንጣፍ ጠንከር ሲል ቀጣዩ ይከተላል። በመጨረሻው ንጣፍ ላይ የአውራ ጣቱ ሙከራ ተደርጎ በክብ ብረት ይዳመጣል። ጡቡ በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ከሆነ በሲሚንቶ ብቻ መሙላት ተገቢ አይደለም፤ ኖራ የበዛበት ልስልስ ማልታ ይሠራበት።

ለአንድ የግንበኛ ቡድን የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ሁለት ግንበኞችና ረዳቶቻቸው ላሉበት ቡድን የሚከተለው በቂ ነው።

- ረጅም ክብ መዳመጫ ብረት፣ በተለካው ልክ፣ 2
- አጭር ክብ መዳመጫ ብረት፣ በዚያው ልክ፣ 2
- ለውስጥ ግድግዳ ጠፍጣፋ መዳመጫ ብረት፣ 2
- ትንሽ የግንበኛ ማንኪያ፣ 2
- ለስላሳ ብሩሽ፣ 2
- ልስን በሚኖርበት ጊዜ ባለ ሚስማር መፋቂያ፣ 1
- ጥገና በሚኖርበት ጊዜ ጠባብ መሮ ከነመዶሻው፣ ጠፍጣፋ መጠቅጠቂያ ብረትና የማልታ ገበታ፣ ለእያንዳንዱ ግንበኛ አንድ አንድ

መሣሪያዎቹ በየምሽቱ ታጥበውና ደርቀው ዘይት ይቀቡ። ሲሚንቶ የደረቀበትና የዛገ ብረት በማልታው ላይ ጭረትና የዝገት ቀለም ያስቀራል።

ሥራ ስለመረከብ

ሙሉው ግድግዳ ከመጀመሩ በፊት ግንበኛው 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የናሙና ግንብ በዚያው ጡብ፣ በዚያው ማልታና በተመረጠው መሣሪያ ይሥራ። ከጥቂት ቀን በኋላ በአንድ ፊቱ ላይ ውሃ ደጋግሞ ተረጭቶ በሌላው ፊት እርጥበት የሚታይ መሆን አለመሆኑ ይመርመር። የተፈቀደው ናሙና ሥራው እስኪያልቅ ሳይፈርስ ይቆይ፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ የሁለቱም ወገን ምስክር እርሱ ነው።

በርክክብ ቀን ተቆጣጣሪው አራት ነገሮችን ይመልከት። በጡብና በማልታ መካከል ስንጥቅ አለመኖሩን፣ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን፣ መልኩ አለመዥጎርጎሩንና ቁም መገጣጠሚያዎች ውስጣቸው ባዶ ሳይሆን የተሞሉ መሆናቸውን ነው። በተለይም ዝናብ በሚመጣበት አቅጣጫ ያለውን ግድግዳና ከመሬት ተፈናጥሮ የሚረጨው ውሃ የሚመታውን የታችኛውን ረድፍ አጥብቆ ይመርምር። ከጣራ ሥር ያለውና ከመንገድ የሚታየው ክፍል ብዙውን ጊዜ በጥንቃቄ ይሠራል፤ ጉድለት የሚገኘው ከሕንፃው በስተጀርባና ለመጎንበስ በሚያስቸግረው ቦታ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ ለመሣሪያዎቹ የሚወጣው ገንዘብ ከሕንፃው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የሚያስፈልገው ውሳኔ ነው፤ ለውጭው ክብ ብረት፣ ለውስጡ ጠፍጣፋ ብረት፣ ለጥገናው ጠባብ ብረት መሆኑ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ፣ የመዳመጫው ጊዜ ለግንበኛው በክፍያው ውስጥ ታስቦለት፣ ናሙናውም በቅድሚያ ተሠርቶ እንዲታይ ማድረግ ነው። እነዚህ በግንባታው መጀመሪያ ከተወሰኑ ለችግረኛው የተላከው እህል ክረምቱን ሙሉ ደርቆ ይቆያል።